ጥቁርነት፦ መሸጋገሪያ ወይስ ማረፊያ?

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር፣ ሴንጎር እ.ኤ.አ. በ1948 ላሰናዳው የጥቁርና የማዳጋስካር ገጣሚያን መድበል መግቢያ ጽፎ ነበር። ጸሐፊው የጥቁርነትን ኩራት አወደሰ፤ ወዲያው ግን ኩራቱ ዘር የማይቆጠርበት ማኅበረሰብ እስኪመጣ ድረስ የሚያገለግል መሸጋገሪያ እንደሆነ አከለበት። የማርቲኒኩ ተወላጅ ፍራንዝ ፋኖን በ1952 ባሳተመው «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብል» በዚህ አባባል ክፉኛ አዘነ። ፋኖን ጥቁርነትን የሚያመልክ ሰው አልነበረም፤ መጽሐፉን የሚደመድመውም ከቀለም በላይ የሆነውን ሰውነት በመሻት ነው። ያስከፋው ሌላ ነበር። በቀለሙ ተዋርዶ የማያውቅ ሰው፣ ጥቁሩ ገና እግሩን ባልተከለበት መሬት ላይ መጥቶ፣ ማለፊያውን አስቀድሞ ነገረው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1963 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባደረጉት ንግግር፣ የቆዳ ቀለም ከዓይን ቀለም የበለጠ ትርጉም የማይሰጥበትን ቀን ተመኝተዋል። ቦብ ማርሌ በ1976 ይህንኑ ንግግር «ዋር» በተሰኘው ዘፈን አዜመው። ቀለም ይረሳ የሚለው ቃል የጥቁሮች ሰንደቅ ሆነ! ተቃርኖ ይመስላል፤ ነገር ግን ንግግሩም ዘፈኑም ያ ቀን እስኪደርስ ሰላም እንደሌለ አልሸሸጉም። ሳርትር የዘለለው ይህን «እስኪ» ነው።

ንግግሩ የኢትዮጵያ ነው፤ ዓድዋም የኢትዮጵያ ነው። ቴዲ አፍሮ በ2012 ስለ ምኒልክ የዘፈነበትን አልበም «ጥቁር ሰው» ብሎታል። በቤት ውስጥ ንግግር ግን መልክ «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «የቀይ ዳማ» እየተባለ በጥንቃቄ ይመደባል፤ «ጥቁር» ብዙ ጊዜ ለሌላው የተተወ ስም ነው። ባርነት በ1942 በሕግ ቢሻርም «ባሪያ» የሚለው ቃል ጠቆር ያለውን ሰው መስደቢያ ሆኖ ዘልቋል። ይህ ሁሉ እያለ፣ አገሪቱ ቅኝ አልተገዛችምና የቀለም ጣጣ አይመለከታትም የሚል መከራከሪያ ይሰማል። ፋኖን ቢሰማው ምናልባት ከሳርትር ይልቅ በዚህኛው ይቆጣ ነበር፤ ሳርትር ቢያንስ መንገዱ መኖሩን አምኗልና።

በስደት ያለው ትውልድ ጥያቄውን የሚያገኘው ከመጽሐፍ አይደለም። በ2015 በእስራኤል፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ከተሰራጨ በኋላ፣ ወጣቶች በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ። ወላጆቻቸው ከአገር ቤት ይዘውት የሄዱት የቀይና የጠይም ልዩነት እዚያ የሚያውቀው አልነበረም።