ጉድጓድ ሲያርፍ

በጅቡቲ ድንበር ባለችው ደወሌ ቀትር ሲሆን ጥላ የሚገኘው ሁለት ቦታ ነው፤ ግድግዳ ሥርና የቆመ ከባድ መኪና ሥር። እኔ ሁለቱንም ትቼ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወረድኩ። አንድ አዛውንት ተንበርክከው አሸዋ ይዝቃሉ። ክንዳቸው እስከ ትከሻው ገብቷል። የሚወጣው አሸዋ መጀመሪያ ነጣ ያለ ነበር፤ ቆይቶ ጠቆረ፤ ከዚያ ከሥሩ አንድ ጭልፋ የማይሞላ ውሃ አቆረ። በጣሳ ሁለቴ፣ ሦስቴ ቀድተው አቆሙ። ጄሪካናቸው ገና ሩቡ አልሞላም።

«አዴር (አጎቴ)፣ ለምን አቆሙ?» አልኳቸው። አብሮኝ የመጣው ሾፌር መልሳቸውን ከሶማሊኛ ተረጎመልኝ፦ «ደክሞታል፤ ይረፍ።»

ደክሞታል የተባለው ጉድጓዱ ነው።

ባለሙያዎች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ሲጨርሱ የሚያደርጉት ፍተሻም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፓምፑ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ውሃው አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ማቋረጥ ይሳባል። አንድ ሰው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮህ ረጅም ሜትር ቁልቁል ይለቃል። መጀመሪያ በየደቂቃው፣ ቀጥሎ በየአምስት፣ በየአሥር፣ በየሠላሳ ደቂቃው ይለካል፤ ሌሊትም ቢሆን። ከዚያ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው፣ ውሃው ስለቆመ፣ ይበተናል። ባለሙያው ግን አይነሳም። አሁን የሚለካው ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። ቶሎ የሚመለስ ጉድጓድ ዘመድ አለው፤ ከዙሪያው እየመጣ የሚሞላለት አለ ማለት ነው። እየዘገየ የሚመለስና ከድሮ ልኩ ሳይደርስ የሚቀር ከሆነ ግን ውሃው የሚቀዳው ከቋቱ ነው። ፓምፑ በሴኮንድ ስንት ሊትር ይተፋል የሚለው ቁጥር ለምርቃት ንግግር ይመቻል። እኔን የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው፣ ማንም ሳያጨበጭብ የሚለካው ነው።

ከደወሌ ወደ ድሬዳዋ አቅጣጫ ስትሄዱ፣ እዚሁ ሲቲ ዞን ውስጥ፣ ሀደጋላ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከዚያ ሜዳ ሥር የወጣ ውሃ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ፣ ድንበር ተሻግሮ አሊ ሳቢህን፣ ዲኪልን፣ አርታንና ጅቡቲ ከተማን ያጠጣል። 28 ጉድጓዶች ናቸው። ገንዘቡ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው፤ ውሃው ግን ከኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ለ30 ዓመት የተፈቀደ ነው። የታቀደው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነበር። በእኛ ሒሳብ፣ ማለትም በቢጫ ጄሪካን፣ በቀን 5 ሚሊዮን ጄሪካን መሆኑ ነው።

ጅቡቲ ይህን ያህል ርቃ የመጣችው ወዳ አይደለም። ከተማዋ ከራሷ ሥር ያለውን ውሃ ለብዙ ዓመት ሳበች፤ የጎደለውን ቦታ ባሕሩ እየገባ ሞላው፤ ጉድጓዶቿ ጨው ጨው ማለት ጀመሩ። ለጎረቤት ውሃ መንፈግ ደግሞ በዚህ አገር ነውር ነው፤ በድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለው ኢሳ አንድ ሕዝብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ የመዘገበው ሔር ኢሳ የሚባለው የቃል ሕጉም አንድ ነው። ስለዚህ ማን ጠጣ በሚለው አልጨነቅም። የምጨነቀው ፓምፕ «ደክሞታል» ማለት ስለማያውቅ ነው። ይህን የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል፤ በየወሩ ሜትሩን ይዞ ጉድጓድ ከጉድጓድ የሚዞር፣ ቁጥሩን የሚጽፍ፣ የጻፈውንም የሚያነብለት አለቃ ያለው ሰው።

እንደ ሰይፉ ከበደ ያሉ የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪዎች ከመለካት አልፈው ዕድሜውን ይጠይቁታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዝናብ እየተጠራቀመ ለምርመራ ይላካል። በዚያ ዘመን በአየር ላይ የተፈነዱ የኒውክሌር ቦምቦች ትሪትየም የሚባል ነገር በዓለም ዝናብ ላይ በትነው ነበር፤ ትሪትየም የማይገኝበት ውሃ ከዚያ በፊት የዘነበ ነው። በብርጭቆ ቀድተን የምንጠጣው አያቶቻችን ሳይወለዱ የዘነበ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውሃ ሲያርፍ ስንት ጊዜ ያርፋል?

በዚህ ቆላ ሰማዩ ብዙ አይሰጥም። ሜዳውን በአብዛኛው የሚያጠጣው ከሐረር ደጋ ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው የደቻቱ ወንዝ እንኳ፣ ከከተማው ወርዶ ሜዳው ላይ ሲሰፋ፣ ጠጠርና አሸዋ ውስጥ እየሰረገ ይጠፋል። ግን የሚሰርገው ውሃ ብቻውን አይደለም። ተመራማሪዎች በድሬዳዋ ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት ማግኘታቸውን ከጻፉ ቆይቷል፤ ዋናው ምንጩም የከተማው መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። አንዱን ጉድጓድ ለመጠጥ፣ አንዱን ለመጸዳጃ ቆፍረን፣ ከሥር እንደማይገናኙ እናስባለን።

አዛውንቱ ይህን የሚያስቡ አይመስሉም። ፍየሎቻቸው ውሃው ሸቷቸው ሲጠጉ ተነስተው አባረሩና የግራር እሾህ ጎትተው ዙሪያውን አጠሩ። ማጠጫው ግማሹ የተቆረጠ ጄሪካን ነው፤ ያኖሩትም ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ወንዙ በሚወርድበት በኩል ነው። «በዚያ በኩል ለምን?» ብዬ አስጠየቅኩ። እንደ ሕፃን አዩኝ። «በጠጣቸው ወደ ውሃዬ እንዳይመለስ ነዋ!»

ተመልሰው ተቀመጡና አመልካች ጣታቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱ። ሲያወጡት እስከ ሁለተኛው አንጓ ርሷል። አዩት፤ ለእኔም አሳዩኝ።

«ገና ነው» አሉና ጣሳውን በአፉ ደፉት።