ደረቱ የማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ከጨዋታ ያላለፈ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። የምጽፈው ስለ እግር ኳስ ማሊያ ነው። ነገር ግን «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። እኔም ነገሩን አቅልዬ አይቼው ነበርና አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ባቀረበልኝ ጥያቄ አፍሬአለሁ።

ባለፈው ዓመት የዒድ ሰሞን እህቴን ለመጠየቅ ወደ ደባርቅ ሄጄ ነበር። ለማታውቋት፣ ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዳባት ከታለፈ በኋላ የምትገኝ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነች ብርዳም ከተማ ናት። የእህቴ ልጅ በሰፈሩ ቡድን ውስጥ ተከላካይ ነው። በዚያ ሳምንት ከዳባት ከሚመጣ ቡድን ጋር ግጥሚያ ነበራቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የታላቅ ወንድሙን ሹራብ እየለበሰ ሲጫወት የኖረው ቡድን በዚያ ሰሞን ደስታው ወሰን አጥቶ ነበር፤ አንድ መጠጥ አከፋፋይ አሥራ ስድስት አረንጓዴ ማሊያ ከነቁምጣውና ከነገምባሌው ሰጥቷቸዋልና። በማሊያው ደረት ላይ ግን የቢራ ስም በትልቁ ተጽፎበታል።

ልጁ ማሊያውን አልጋው ላይ ዘርግቶ ሲያየው አመሸ። እናቱ «ይህ ነገር በዚህ ቤት አይለበስም» ብላለች። አሰልጣኙ ደግሞ «ማሊያውን ያልለበሰ አይሰለፍም፤ ለሰውየው ፎቶ አንስተን ልንልክ ቃል ገብተናል» ብሎታል። ልጁ መሀል ላይ ቀርቶ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ብለብሰው ጠጣሁ ማለት ነው?» አለኝ። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ነገሩን በአንድ ቃል ልገላገለው ፈልጌ «ጨርቅ ነው፤ አንተ ኒያህን አስተካክል» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ አሰበና «ጨርቅ ብቻ ከሆነ ታዲያ ሰውየው ለምን ብር ከፈለበት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ወገኖቼ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ለመሆኑ ቡድን ለምን አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳል? የእግር ኳስ ሕግ አራተኛው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ተጫዋቾች አለባበስ ነው። እጅጌ ያለው ማሊያ፣ ቁምጣ፣ ገምባሌ፣ የቅልጥም መከላከያና ጫማ ያዝዛል፤ ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርሳቸውም ሆነ ከዳኞቹ የሚለዩበት ቀለም ይኑራቸው ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኳስ የያዘው ልጅ ቀና ሲል ወገኑን ከባላጋራው ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ማሊያ ከዚህም የበለጠ ጥቅም አለው። የባለ ሱቁ ልጅና የበቅሎ ጎታቹ ልጅ አንድ ቀለም ለብሰው ሲሰለፉ ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኛ ሙስሊሞች ይህን ምስጢር ከማንም በተሻለ ልናውቀው ይገባል። በሐጅ ወቅት ንጉሡም ሎሌውም ያልተሰፋ ሁለት ነጭ ጨርቅ ለብሰው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ልብ በሉ፣ በኢሕራም ላይ ማንም የንግድ ስሙን አይጽፍበትም።

እንግዲህ አንድ ቀለም መልበስ ክቡር ነገር ነው። ቡድኑ ይህን ከአባሉ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ጥያቄው፣ በቀለሙ ላይ የተጨመረውን ጽሑፍስ የመጠየቅ መብት አለው ወይ? የሚል ነው።

የዚህን ጽሑፍ ታሪክ መለስ ብሎ ያየ ሰው ብዙ ይማራል። እ.ኤ.አ በ1973 አይንትራኽት ብራውንሽቫይግ የተባለው የጀርመን ክለብ የየገርማይስተርን ማስታወቂያ ለመልበስ ተስማማ። የገርማይስተር የአልኮል መጠጥ ነው። የአገሪቱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ማስታወቂያውን ሲቃወም፣ ክለቡ ነባር ምልክቱን አንበሳውን ትቶ የመጠጡን አርማ፣ የአጋዘኑን ራስ፣ የራሱ ምልክት አደረገው። በጀርመን ታላቁ ሊግ የማሊያ ማስታወቂያ በር የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። ቡድኑ ምልክቱን ሸጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱ ተከተለ! ሊቨርፑል እ.ኤ.አ ከ1992 እስከ 2010 የካርልስበርግ ቢራን ስም በደረቱ ይዞ ተጫውቷል። በአገራችን ገበያ ያንን ማሊያ የገዛው ወጣት ስንት ነው? እኔ ራሴ የጁሙዓን ሶላት ጨርሰን አጠገቤ የነበረው ወጣት ወደ እኔ ዞሮ ሲጨብጠኝ ያንን ስም ከደረቱ ላይ አንብቤአለሁ። ወጣቱን አልነቀፍኩትም፤ የለበሰው ቡድኑን ወዶ ነው። መጠጡ ግን በቡድኑ ፍቅር ተሸሽጎ መስጊድ ድረስ ገብቷል።

ወደ ሰሜን ተራሮች ልመልሳችሁ። ዋልያ በዓለም ላይ በዱር የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ የሚባለው በዚህ እንስሳ ስም ነው። እ.ኤ.አ በ2014 ደግሞ ያንኑ ስም የያዘ ቢራ ገበያ ላይ ዋለ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም ስፖንሰር አደረገ። የደባርቅ ልጅ ከቤቱ ጀርባ ያለው የገደል እንስሳ ስሙ መጀመሪያ ለቡድን፣ ቀጥሎም ለጠርሙስ ሲሰጥ አይቷል። ሆኖም የፊፋ ደንብ ብሔራዊ ቡድኖች በጨዋታ ላይ በሚለብሱት ማሊያ የስፖንሰር ማስታወቂያ እንዲያትሙ አይፈቅድም። የአገር ማሊያ ያለ ማስታወቂያ አገርን መወከል ከቻለ፣ የሰፈር ማሊያ ያለ እርሱ ሰፈርን መወከል አያቅተውም።

«ይህ የጠገበ ሰው ወሬ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ኳስ መግዣ ያጡ ልጆች ማሊያ ሲሰጣቸው ጽሑፉን ይመርምሩ ማለት ግፍ አይደለምን? ይህ ሙግት ቀላል አይደለም። እኔም ከሩቅ ሆኜ ልፈርድ አልችልም፤ ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ጋዜጣ ከጽሑፌ ሥር የመጠጥ ማስታወቂያ ሲታተም ደመወዜን ተቀብዬ ዝም ብያለሁና። ነገር ግን ከእኔ ይልቅ የልጁ ጥያቄ ይበልጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ እንዳይገዛው በሕግ የተከለከለውን መጠጥ በደረቱ እንዲያስተዋውቅ ተጠየቀ። በሐዲስ እንደምናውቀው ደግሞ በኸምር የሚወቀሰው ጠጪው ብቻ አይደለም፤ ጨማቂው፣ ሻጩና ተሸካሚውም አሉበት። ስሙን በደረት መሸከም ከዚያ ይገባል አይገባም የሚለውን ለዑለሞቻችን እተወዋለሁ። ልጁ ግን ሸክሙ ከብዶታል፤ የከበደውን ሰው «ቀላል ነው» ማለት መልስ አይሆንም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሐሺም አምላ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ሙስሊም የክሪኬት ተጫዋች ነበር። ብሔራዊ ቡድኑን ስፖንሰር ያደርግ የነበረው ካስል የተባለው ቢራ ነው። አምላ የቢራውን ምልክት እንደማይለብስ ተናገረ፤ ቡድኑም ፈቀደለት። ጓደኞቹ ምልክቱን ለብሰው፣ እርሱ ያለ ምልክቱ ለዓመታት አብረው ተጫወቱ። እ.ኤ.አ በ2012 ለንደን ላይ 311 ነጥብ በማስመዝገብ ከአገሩ ሰዎች ሦስት መቶን ያለፈ የመጀመሪያው ሆነ፤ በኋላም የቡድኑ አምበል ተደረገ። በደረቱ ላይ አንድ ምልክት በመጉደሉ «የእኛ አይደለም» ያለው ወገን አልተሰማም።

ይህ ሚዛን ለእኛ ብቻ ሲሆን የምንይዘው፣ ለሌላው ሲሆን የምንጥለው መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ በ2011 የኢራን ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በራስ መሸፈኛው ምክንያት ዮርዳኖስ ላይ እንዳይጫወት ሲከለከል ብዙዎቻችን ተቆጥተናል፤ መሸፈኛው በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ ሲፈቀድም ተደስተናል። የተፈቀደው ከማሊያው ዋና ቀለም ጋር አንድ ዓይነት ወይም ጥቁር እንዲሆን ተብሎ ነው። ቀለሙን ቡድኑ ወሰነ፤ ራሷን መሸፈኑን ግን ለልጅቷ ተወላት። ትክክለኛው ክፍፍል ይህ ነው። እንግዲያው ነገ አንድ ሙስሊም ነጋዴ የመስጊድ ምስል ያለበት ማሊያ ለዚያው ቡድን ቢሰጥና ክርስቲያኑ ጓደኛ «እኔ ይህን አልለብስም» ቢል፣ ከጎኑ ልንቆም ይገባናል። ያን ጊዜ «ጨርቅ ነው» የምንል ከሆነ ክርክራችን ሁሉ ለራስ ማድላት ነበር ማለት ነው።

የደባርቁ ነገር እንዴት አለቀ? እህቴ ገበያ ወጥታ ከማሊያው ጋር የሚመሳሰል አረንጓዴ ጨርቅ አገኘች፤ በጽሑፉ ላይ ደርባ ሰፋችበት። አሰልጣኙ ሲያየው ተቆጣ። ያን ጊዜ የቡድኑ አምበል፣ የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ፣ «ፎቶው ላይ ከኋላ ይቁም፤ ተከላካይ የለንም» አለ። አሰልጣኙም አጉረምርሞ ተስማማ። ልጁ ዘጠናውን ደቂቃ ተጫወተ። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ከሜዳው ዳር ሆኜ ሳይ በሩጫው መካከል የትኛው ማሊያ የተጣፈ፣ የትኛው ያልተጣፈ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ የሚታየው አረንጓዴ ብቻ ነበር።

ፎቶው አሁን በእጄ ነው። አሥራ አምስቱ ልጆች ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። የእህቴ ልጅ ከኋላ፣ በሁለት ትከሻዎች መካከል፣ ራሱ ብቻ ይታያል። አምበሉን አመሰግነዋለሁ፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከእኔ የተሻለ መልስ ሰጥቷልና። ነገር ግን ሜዳ ላይ ከፊት ሆኖ ሰፈሩን የተከላከለ ልጅ ለፎቶ ሲሆን ከኋላ ሊደበቅ አይገባውም ነበር። ቡድን የምትመሩ፣ ማሊያ የምትሰጡ ወገኖች ሆይ፣ ቀለሙን ጠይቁ፤ ላቡንም ጠይቁ። ደረቱን ግን ለባለቤቱ ተዉለት።

አላህ ለራሳችን የምንፈልገውን ፍትሕ ለሌላውም የምንፈልግ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም።