ጄሪካን አስይዘህ ለምትሸኝ

የፒካፕህ ውሃ ፓምፕ እንደሚያንጠባጥብ ታውቃለህ። አላወቅሁም እንዳትል፤ ፒካፑ ካደረበት ሲነሣ መሬቱ ላይ የሚቀረውን እርጥበት ሾፌሩ አሳይቶሃል፤ ራዲያተሩ በየዕለቱ እንደሚጎድልም ነግሮሃል። አንተ ግን ለመልስ የሰጠኸው ቢጫ ጄሪካን ነው። «ምንም አትልም፣ ውሃ ጣል እያደረግህባት ንዳት» አልኸው። በዚያ ቃል እህልም ሰውም አስጭነህ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ አወረድኸው።

እስቲ ጎንበስ በልና ጠብታው ከየት እንደሚወጣ ተመልከት። ፒካፕህ ብዙዎቻችን የምናውቀው አሮጌው የናፍጣ ሃይሉክስ ከሆነ፣ ሞተሩ 2ኤልም ይሁን 3ኤል ወይም 5ኤል፣ ውሃ ፓምፑ ከሞተሩ ፊት፣ ከማራገቢያው ጀርባ ነው። ከአንገቱ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቀዳዳዋ ሆን ተብላ የተበጀች ናት። ፓምፑ ውስጥ ውሃውን ከኩሽኔታው የሚለይ ሲል አለ፤ ሲሉ ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታው ጋ ከመድረሱ በፊት በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ እንዲታይ ነው የተተወችው። ከሥሯ የዛገ ወይም የደረቀ የኩላንት መስመር ካየህ ፓምፑ አልቋል። አይጠገንም፣ ይቀየራል። ፓምፑን የሠሩት ሰዎች አንተን ለማስጠንቀቅ ይህን ያህል ተጨንቀዋል፤ አንተ ግን ለማየት እንኳ አልፈቀድህም።

ያቺን ቀዳዳ በሲሊኮን የምትደፍን መካኒክ፣ አንተም ስማ። ደንበኛህ መሬቱ ደርቆ ሲያይ ተደስቶ፣ አመስግኖ፣ ከፍሎህ ሄደ። መውጫ ያጣው ውሃ ግን ወደ ኩሽኔታው ገብቶ ግራሱን ያጥባል። ኩሽኔታው ይበላል፣ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ቺንጋው ይወረወራል። በእነዚህ ሞተሮች ማራገቢያው የታሰረው በዚያው ዘንግ ላይ ስለሆነ፣ ዘንጉ ሲለቅ ማራገቢያው ራዲያተሩን ይቀደዋል። ይህን ሁሉ ታውቃለህ፤ ተምረኸዋል፣ በእጅህም ፈትተህ አይተኸዋል። እያወቅህ ደፈንህ። ሰው የራሱንና የቤተሰቡን ነፍስ አምኖ የሰጠህ አንተ የምታየውን እሱ ስለማያይ ነው፤ ያንን እምነት ነው በአንድ ቱቦ ሲሊኮን የሸጥኸው።

ወደ ባለቤቱ ልመለስ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት አለ። የተጫነ መኪና ያን ዳገት በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ነፋስ ሳያገኝ ነው የሚገፋው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ጋዝ ለቅጽበት 2,000 ዲግሪ ይጠጋል፤ ያንን ሙቀት ከብረቱ ላይ አንሥቶ የሚወስደው ፓምፑ የሚያዞረው ውሃ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ በክዳን ታፍኖ በግፊት የሚሠራው፣ ኩላንትም የሚጨመርበት ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ እንዲል ነው። የሚያፈስ ፓምፕ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ያንን ግፊትም ያሳጣል።

«ጌጁ ደህና ነበር» ትላለህ። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የሚያነበው ውሃ ሲነካው ነው፤ ውሃው ከሸሸው ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ዝም ሊል ይችላል።

ከዚያ የሚመጣው ይታወቃል። መኪናው በእንፋሎት ተሸፍኖ ዳገቱ መሐል ይቆማል። ረዳቱ፣ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ፣ እጁ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታል፤ የታፈነው የፈላ ውሃ ፊቱና ደረቱ ላይ ይፈነዳል። ክዳን የሚከፈተው ሞተር ሲበርድ እንደሆነ ማን ነገረው? አንተ የሰጠኸው ጄሪካን ብቻ ነበር። በግለቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ደግሞ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ባይሰነጠቅም ይጣመማል፣ ጋስኬቱ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ የዘይቱን ክዳን ብትከፍት ዘይቱ ከውሃው ተደባልቆ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ታገኘዋለህ።

የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ እንደነካ አውቃለሁ፤ ችግሩን አቃልዬ አላየውም። ግን ለመቀመጫ ልባስና ለቴፕ ብር አልጠፋም፤ የጠፋው ለፓምፕ ነው። ፓምፑን መቀየር ለሚያውቅ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፦ ውሃውን ማፍሰስ፣ ማራገቢያውንና ቺንጋውን ማውለቅ፣ አሮጌውን ፓምፕ መፍታት፣ አዲሱን በአዲስ ጋስኬት ማሰር። ጥንቃቄ የሚሻው የአሮጌው ጋስኬት ቅሪት ነው፤ ብረቱን ሳይቧጭሩ አንድም ሳይቀር ካልተጠረገ አዲሱም ያፈሳል። ብሎኖቹም በአንድ ወገን ሳይሆን እያፈራረቁ፣ በልካቸው ይጠብቃሉ። ቴስታታ ማስወረድና ማስላግ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስወጣሃል። ፓምፑን የገደለውም ያው ስስትህ ነው፦ ለኩላንት ሳስተህ ዓመት ሙሉ የቧንቧና የወንዝ ውሃ ሞላህበት፤ ዝገቱና ኖራው ሲሉን በላው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይከፋል። ሞተሩ ሲቃጠል «አንተ ነህ ውሃ ሳታይ የነዳኸው» ብለህ በሾፌሩ አሳበብህ፤ ከደመወዙም ቆረጥህ። ያ ሰው ጠብታውን ቀድሞ አይቶ የነገረህ ነው። ልጆች አሉት፤ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ዝም አለ፤ ዝምታውንም እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርህበት።

ፓምፑ ሳይቀየር ፒካፑ አይውጣ። ሲሊኮን የማይቀባ መካኒክ ፈልግ፤ አሮጌውን ፓምፕ ፈትቶ እጅህ ላይ እንዲያስቀምጥልህ ጠይቀው። ኩላንት ግዛ። ረዳቱ ክዳኑን መቼ መንካት እንዳለበት አንተው ራስህ አስተምረው። ከሾፌሩ የቆረጥኸውን ገንዘብ ደግሞ ፓምፑ እስኪገዛ ሳትጠብቅ፣ ረዳቱ ባለበት፣ በእጁ መልስለት።