የአባቴ ፊርማ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፡፡ ጽሑፉ የማን እጅ መሆኑንስ ማን ይመስክር? ይህን ጥያቄ የጫረብኝ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ጥፋቴ ነው፡፡

አባቴ ከታመመ በኋላ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፡፡ ባንክ ወሰድኩት፡፡ ሦስት ጊዜ ፈረመ፡፡ ሠራተኛዋ ከዓመታት በፊት ከሰጠው የፊርማ ናሙና ጋር አስተያየችና፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልተመሳሰለም» አለችው፡፡ እጁን አየት አድርጎ ዝም አለ፡፡ በሳምንቱ ቼኩ ላይ እኔ ፈረምኩለት፡፡ ተማሪ ሳለሁ የውጤት ካርዴ ላይ እያስመሰልኩ እፈርም ስለነበር እጄ ለምዶታል፡፡ አባቴ እያየኝ፣ «እንግዲህ እኔ ማለት አንተ ሆንክ» አለ፤ አልሳቀም፡፡ ቼኩን ይዤ ብቀርብ ያለ አንዳች ጥያቄ ተከፈለኝ፡፡ እውነተኛው ተመለሰ፤ ሐሰተኛው አለፈ፡፡

ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ይህን ችግር ይፈታዋል የሚሉ አሉ፡፡ እውነት አላቸው፤ ግማሹን፡፡ መስታወቱ ላይ ስንፈርም መሣሪያው የፊርማውን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የእጃችንን ፍጥነት፣ ያረፍንበትን ቦታ፣ የመስመሮቹን ቅደም ተከተል ሊመዘግብ ይችላል፡፡ አስመሳይ ቅርጹን ቢሰርቅ የእጁን አካሄድ መስረቅ ይከብደዋል፡፡ ስለዚህ እኔን ሳይይዘኝ አይቀርም ነበር፡፡ አባቴንስ ያውቀው ነበር? ሕመሙ የለወጠው የእጁን አካሄድ ጭምር እኮ ነው! መመዘኛው ሲጠብቅ ባለቤቱ ይከለከላል፤ ሲላላ አጭበርባሪው ይገባል፡፡ መሣሪያው «ይመስላል» ይላል እንጂ «እሱ ነው» ሊል አይችልም፡፡ ከ«ይመስላል» ወደ «ነው» የሚያሻግረው የሰው ፍርድ ነው፡፡

ይህም ፍርድ አደጋ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1894 ፈረንሳዊው መኮንን አልፍሬድ ድሬፉስ በአንድ የስለላ ደብዳቤ ምክንያት ተከሰሰ፡፡ አልፎንስ ቤርቲዮን የተባለው የፖሊስ ባለሙያ፣ ጽሑፉ የማይመሳሰልበትን ቦታ ድሬፉስ ሆን ብሎ የገዛ እጁን ለውጦ የጻፈው ነው ሲል መሰከረ፡፡ ቢመሳሰልም ጥፋተኛ፣ ባይመሳሰልም ጥፋተኛ! የደብዳቤው ጸሐፊ ግን ሌላ መኮንን ነበር፤ ድሬፉስም ከክሱ ሙሉ በሙሉ የነጻው በ1906 ነው፡፡

ጥፋቴን አልክድም፤ ሠራተኛዋንም አልወቅስም፡፡ የሰው ገንዘብ ትጠብቅ ነበር፡፡ ነገር ግን ወረቀቱም ሆነ ስልኩ «አልተመሳሰለም» ሲል ነገሩ እዚያ ባያበቃ እላለሁ፡፡ አባቴ እኮ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር፡፡ ቀና ብላ «ምን ነካዎት?» ብትለው ኖሮ፣ ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ራሱ መልስ ይሰጣት ነበር፡፡