በሽታውን የደበቀ ውሻ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አበው ያሰቡት ሰውን ነው። ሰው አንደበት አለው፤ ሲፈልግ ይናገራል፣ ሳይፈልግ ደግሞ ስሙ እንዳይጠፋ፣ ጠላት እንዳይስቅበት፣ ወጪ እንዳይመጣበት አፍኖ ይይዘዋል። ተረቱ የሚገሥጸው ይህንን አፋኝ ነው። ውሻስ? ውሻ ከሰው የባሰ ደባቂ ነው። ጥርሱን የሚያመው ውሻ ጅራቱን እየቆላ በር ላይ ይቀበላችኋል፤ ምግቡን እስኪተው ድረስ መታመሙን የሚያውቅለት የለም። እንግዲህ ተረቱን ወደ ውሻ ቤት ስናመጣው ደባቂዎቹ ሁለት ይሆናሉ፤ አንዱ ውሻው፣ ሌላው ባለቤቱ። እኔን የሚያሳስበኝ ባለቤቱ ነው።

ባለቤቱ የሚደብቀው መሳቂያ ላለመሆን ነው። «ሰው በሚራብበት አገር ውሻ ታሳክማለህ?» የምትለዋን ቃል ያልሰማ ባለ ውሻ የለም። ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም። ብቻ የሚጠይቁት ሰዎች በዚያው ገንዘብ የተራበ ሲያበሉ ብዙ ጊዜ አላየሁም። በሃይማኖትም ቢሆን ነገሩ ባዕድ አይደለም። በወንጌሉ አልዓዛር በባለጸጋው ደጅ በወደቀ ጊዜ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው፤ በእስልምናም በጥም ለሚያለከልክ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱ ይነገራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው፤ ማንም «ሥራ ፈት» አላላቸውም፤ ፊት ለፊት ማለቴ ነው።

ታዲያ ሳይስቅ የሚሰማ ማን ነው? ሌላ ባለ ውሻ። በሰፈራችን አንዲት ወጣት አንድ ማታ ቡችላዋን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ የጎረቤት በር አንኳኳች። የከፈቱላት ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው።

«ጋሼ፣ በማታ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ቦቢ ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል።»

«ተቅማጥስ አለው ልጄ?»

«አለው። ደም የቀላቀለ ነው።»

«ስንት ወሩ ነው? ተከትቧል?»

«ሦስት ወሩ ነው። አንዴ አስከትቤው ነበር፤ ሁለተኛውን ዛሬ ነገ ስል…»

ሽማግሌው የቡችላውን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዱን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። የጤነኛ ውሻ ድድ ሲጫኑት ነጣ ይልና በ2 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። የቦቢ ቆየ። ከዚያ የጀርባውን ቆዳ ቆንጥጠው ለቀቁት፤ እንደተቆነጠጠ ቀረ። ሰውነቱ ውኃ አልቆበት ነበር። «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። ልብስ ደርቢ፣ ዶክተሩ ጋ እንሂድ» ብለው የመኪና ቁልፋቸውን አነሡ።

ሰውየው ይህን ያወቁት የእንስሳት ሐኪም ሆነው አይደለም። ቀደም ሲል የራሳቸው ውሻ በዚሁ በሽታ በፓርቮ ሞቶባቸዋል፤ ያን ጊዜ ለማንም አልተናገሩም ነበር። ፓርቮ እ.ኤ.አ. በ1978 ታውቆ በአጭር ጊዜ ዓለምን ያዳረሰ ቫይረስ ነው። የሚበረታው በቡችላ ላይ ነው፤ አንጀቱን ይልጠዋል። ቫይረሱን ራሱን የሚገድል የተለመደ መድኃኒት የለም፤ ሐኪሙ የሚያደርገው በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ማስመለሱን ማስቆምና ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይደርብ መከላከል ነው። በጊዜ የደረሱት አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ቤት የቀሩት አብዛኞቹ ይሞታሉ።

ቦቢ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ተረቱ የደበቀ አይድንም አለ እንጂ የነገረ ሁሉ ይድናል አላለም። ልጅቷ ቢሮ ስትሄድ ዓይኗ ለምን እንደቀላ ለመናገር አፈረች። ለውሻ ለቅሶ አይደረስም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለትም ለሰሚው ይከብዳል። የሹፌሩ ባለቤት ግን ቡና አፍልተው ጠሯት፤ ስለ ቦቢም ስለ ቀድሞው የራሳቸው ውሻም ሲያወሩ አመሹ። መድኃኒት ነው ካልን መድኃኒት ነው፤ ቡችላውን ግን አላዳነውም። ይህን ልዩነት ማድበስበስ አልወድም።

ተረቱ የዘለለው ሌላም ነገር አለ፤ ለማን እንደሚነገር አይነግረንም። በሽታህን ለመንደሩ ሁሉ ብትነግር መድኃኒቱ ይበዛብሃል። እከክ ለያዘው ውሻ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባው የሚልህ አለ፤ ውሻው ይልሰውና ይመረዛል። ነጭ ሽንኩርት አብላው የሚል አለ፤ ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ከሁሉም የከፋው ለራሱ ወገብ የገዛውን ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥህ ደግ ሰው ነው። እነዚህ ክኒኖች የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ደግነቱን አልጠራጠርም፤ ክኒኑን ግን አትቀበሉት። የሹፌሩ ትልቁ ብልህነት ድድ ማየት ማወቃቸው ሳይሆን «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» ማለታቸው ነው። ባለ ውሻ ለባለ ውሻ የሚሆነው በዚህ ነው፤ መኪና ይሰጣል፣ ሐኪሙ መርፌ ሲወጋ ውሻውን ይይዛል፣ ሒሳቡ ሲከብድ ይጨምራል፣ እሑድ የሚከፍተው ክሊኒክ የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

መደበቅ የጎረቤትን ውሻም ይገድላል። የፓርቮ ቫይረስ ግቢ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ በጫማ ተጣብቆ ከበር በር ይዞራል። ቡችላ የሞተበት ሰው ሲሚንቶውን አጥቦ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጦ ቢያፈስበትና ለጎረቤቶቹ ቢነግር የሌሎቹ ቡችሎች ይተርፋሉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ሲመጣማ ተረቱ ቃል በቃል ይሠራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ውሻም አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባት ያድናል። ውሻው ሰው የነከሰበት ባለቤት ብዙ ጊዜ «ይገድሉብኛል» ብሎ ነገሩን ይሸሽጋል። ሊሸሽገው አይገባም። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ እስከዚያ ደኅና ከሆነ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ቀን አይቆጥርም፤ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት።

ውሻ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ውሻውን አስከትቦ መጨረሱን ጠይቁት። የቡችላ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል፤ የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ ለብቻው ነው። አንዱ ከቀረው ቅዳሜ አብራችሁት ሂዱ።