መጎብኘትና መሳለም

ዘመድ ከአውሮፓ ደውሎ ስለ አንድ ጥንታዊ ካቴድራል ሲያወራ «ጎበኘሁት» ይላል። ላሊበላ ደርሶ ሲመለስ ግን «ተሳልሜ መጣሁ» ነው የሚለው።

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ያሰብኩት ሱዳን ውስጥ፣ ኸሽም ኤል ቂርባ፣ የአትባራ ወንዝ ግድብ ዳር ነው። በአካባቢው የሰፈሩት ኑብያውያን የአስዋን ታላቅ ግድብ ዋዲ ሐልፋን ሊያሰጥም ሲል እ.ኤ.አ. በ1964 በባቡር የመጡ 50 ሺህ ያህል ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ከተዉት አገር አንዱ ፋራስ ነው። እዚያ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ707 የተጣለ ካቴድራል ነበር፤ አሸዋ ሞልቶት ስለኖረ ሥዕሎቹ ከጥፋት ተረፉ። በፕሮፌሰር ሚሃዎቭስኪ የተመራ የፖላንድ ቡድን ውሃው ሳይቀድም 120 ያህሉን ከግድግዳው ላይ ልጦ አወጣ። 67ቱ ዋርሶ ገቡ፤ የቀሩት ካርቱም። ሕዝቡ ወደ አትባራ፣ ቅዱሳኑ ወደ ሙዚየም ሄዱ።

ዋርሶ ያለችው ቅድስት ሐና ዐይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ዝም በሉ እያለች ነው ወይስ እየጸለየች፣ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ሐበሻ ፊቷ ቢቆም እጁ ሳያስበው ያማትባል። ታቦት የለ፣ ዕጣን የለ፣ ምኑን ይሳለማል? እኔ ግን ስህተት አልለውም። ሠዓሊው የሣላት ፊቷ ቆሞ ለሚጸልይ ሰው ነው።

ካርቱም በቀረው ሥዕል ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ውስጥ ቆመዋል። ታኅሣሥ 19ን እያከበርን ላደግን፣ ክንፉን የዘረጋው መልአክ ገብርኤል ነው ማለት ይቀናናል። የፋራስ ሰዎች ሚካኤል ብለውታል።

በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱት ደግሞ ገዳሪፍ ክፍለ ሀገር፣ ኡም ራኩባ ላይ በእንጨትና በሣር መቃኞ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ጸለዩ። ለጎብኚ የሚታይ ምንም የላትም። ደጇን ግን ይሳለሟታል።

ግድቡ ዳር አንድ የፋራስ ሽማግሌ ልጅ ሳሉ ካቴድራሉ የተቀበረበት ኮረብታ ላይ ፍየል ይጠብቁ እንደነበር ነገሩኝ፤ ከእግራቸው ሥር ሥዕል መኖሩን አያውቁም ነበር። ሙስሊም ናቸው፤ ስለ ካቴድራሉ ሲያወሩ ግን ስለ ራሳቸው ቤት እንደሚያወራ ሰው ነው።

«የእናንተን አብያተ ክርስቲያናትስ ውሃ አልበላቸውም?» አሉኝ።

«አልበላቸውም፣ ያ ሐጅ» አልኳቸው። «ይሄ ውሃ ነው ከእነሱ አገር የሚመጣው። ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ፣ ሰቲት ተብሎ፣ አትባራ ላይ ይገባል።»

ወደ ውሃው ዞረው ብዙ ቆዩ።