ጥበቡ ለማን ነው?

በባሕር ዳር ክራር ወይም ኪቦርድ የሚለማመዱ ወጣቶችን «ግባችሁ ምንድር ነው?» ብንላቸው፣ ብዙዎቹ አልበም ማሳተምን ወይም ባሕር ማዶ መሻገርን ይጠቅሳሉ። ምኞቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን በሩ ቢዘጋ፣ የደከሙበት ጥበብ ከንቱ ይሆናልን?

በ1923 እ.ኤ.አ. የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይህ ደርሶባቸዋል። በካይሮ ሙዚቃ ተምረው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ለንደን ሊሄዱ ሲሰናዱ ጉዞው ተከለከለ። እጅግ አዘኑ፤ ኋላም በግሸን ማርያም መነኰሱ። መከልከሉ በጃቸው አንልም፤ ጉዳት ጉዳት ነው።

ከዓመታት በኋላ ግን ከጣና በስተሰሜን፣ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የዜማ ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያድሩ ተመለከቱ። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፒያኖ ነው። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ሲታተም፣ ዓላማው ችግረኞችን መርዳት ነበር።

እንግዲህ ግቡ ሌላ ሆነ እንጂ አላነሰም። በጎ አድራጎት የተሰነካከለ አጨዋወትን አያቃናምና፣ የዕለቱ ልምምድ ያው ልምምድ ነው። «ወዴት እደርሳለሁ?» የሚለው ጥያቄ ግን «ለማን ይደርሳል?» በሚለው ተተካ። የመጀመሪያውን መልስ ሌሎች ሊከለክሉን ይችላሉ፤ የሁለተኛው ግን በአብዛኛው በእጃችን ነው። ወጣቶቻችንንም «በዚህ ሳምንት የትኛውን ዜማ ታጠራላችሁ? ማንስ ይሰማዋል?» ብለን ብንጠይቃቸው እንመርጣለን።

እማሆይ በ2023 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ፒያኖው እስከ እርጅናቸው ድረስ ከትንሿ የገዳም ክፍላቸው አልተለየም።